ርእሰ አንቀጽ፦ የባልዲው ውሃ የት ይደፋል?



ክረምቱ እየወጣ፣ እንቁጣጣሽም እየተቃረበ ነው። እንደሚታወቀው ሁሉ በዚህ ሰሞን ቤት ይታጠባል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ደጅ ይወጣል። በዚሁ ሰበብ የሰፈሩ አጥርና የመብራት ምሰሶ በማስታወቂያ ተሞልቷል። ከብርጭቆ ፋብሪካ እስከ ሳንሱሲ በእግሩ የሄደ ሰው «ቤት እናጸዳለን፣ ሶፋና ምንጣፍ እናጥባለን» የሚል ወረቀት ሳያይ አያልፍም። ዘንድሮ ደግሞ አንድ አዲስ ቃል ተጨምሮበታል፤ «አካባቢን በማይበክል መንገድ» ይላል። አንዳንዱም አረንጓዴ ቅጠል ሥሎበታል።

አባሎቻችን ወደ ጽሕፈት ቤት እየመጡ፣ «ማንን እንጥራ? የቱ ነው እውነተኛው?» ብለው ጠይቀውናል። ማኅበሩም ቢሆን አዳራሹንና ዕቃ ቤቱን የሚያጸዱለት ሰዎች ለመቅጠር፣ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ በዚህ እትም የምናነሣው ይኼንኑ ጉዳይ ነው። እኛ የኬሚካል ባለሙያዎች አይደለንም፤ ብዙም አልተማርንም። ነገር ግን በዓይናችን ያየነው ነገር ስላለ ዝም ማለት አልቻልንም።

ያየነው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ ከአባሎቻችን በአንዷ ቤት አንዲት ተመላላሽ ሠራተኛ መጸዳጃ ቤት ታጸዳ ነበር። መጀመሪያ በረኪና አፈሰሰች። ብጫው አልለቅ ሲላት፣ በባዶ የውሃ ሃይላንድ ተቀድቶ የተገዛውን «አሲድ» ደፋችበት። በሩ ዝግ ነው፤ መስኮቱም ከመዳፍ አይሰፋም። ወዲያው የሚያፍን ሽታ ተነሣ። «እትዬ፣ አፈነኝ!» ብላ እየተንገዳገደች ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። ጎረቤት ተሯሩጦ ወደ ደጅ አወጣት፤ ጤና ጣቢያም ተወሰደች። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ሳሉ ግን እስከ ክረምቱ መውጫ አልለቀቃትም፤ ያን ያህል ጊዜም የቀን ሥራ እንደ ልቧ መሥራት አልቻለችም።

ለኛ የባሰው ቀጥሎ የመጣው ነው። «ማኅበሩ ይርዳት» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ መዝገብ ገለጥን፤ ስሟ የለም። አባል አይደለችም፤ መዋጮ አትከፍልም፤ የምትኖረውም ከሰፈራችን ውጭ ተከራይታ ነው። «ደንቡ አይፈቅድም» ተባለ። ይህን ያልነውም ሌላ ሰው ሳይሆን እኛው ነን። በኋላ ከየኪሳችን ጥቂት ብር አዋጥተን ሰጠናት እንጂ ከማኅበሩ ካዝና አምስት ሳንቲም አልወጣም። የቤታችንን ቆሻሻ የምታወጣልን ሰው፣ ጉዳት ሲደርስባት ከደንባችን ውጭ ሆና ተገኘች። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

እዚያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሆነው ምሥጢር አይደለም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ዓ.ም. ቤልጅግ አገር ኢፕር በተባለው ግንባር፣ ወታደሮችን ለመፍጀት የተለቀቀው ራሱ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጠራል። አቼቶና ሎሚም በተፈጥሯቸው አሲድነት ስላላቸው ከበረኪና ጋር መገናኘት የለባቸውም። ብዙዎቻችን «ሁለት ከሆነ የበለጠ ያጸዳል» እንላለን፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የቤት ማጽጃ ኬሚካሎች ሰውን ከሚመርዙት ነገሮች ዋነኞቹ ውስጥ መሆናቸውን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ መርዙን ሩቅ አንፈልገው፤ መታጠቢያ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አሁን ደግሞ ከቤት ወጥተን ባልዲውን እንከተለው።

ሴትየዋ አጽድታ ስትጨርስ ውሃውን የት ትደፋዋለች? አብዛኛውን ጊዜ ከበር ወጥታ ከመንገድ ዳሩ ቦይ ውስጥ ነው። ቦዩ ወደ ጅረት፣ ጅረቱም ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ከኛ በላይ ከገፈርሳና ከወጨጫ በኩል ተነሥቶ፣ የከተማችንን ምዕራብ ይዞ ወደ መካኒሳና ወደ ጎፋ በኩል ይሄድና አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ አዋሽ ነው። በዚህ ወንዝ ዳርና ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ውሃ የሚጠጣው ከወንዙ ነው። አትክልቱም ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል።

እኛም ገበያ ወጥተን ጎመኑን እያገላበጥን፣ «ኧረ ይኼ በምን ውሃ ነው የበቀለው?» እያልን እናማርራለን። የጅቡና የአህያይቱ ተረት ትዝ ይላችኋል? ጅቡ ከላይ ሆኖ እየጠጣ፣ ከታች የምትጠጣዋን አህያ «ውሃውን አደፈረሽብኝ» ቢላት፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። የአስኮ ሰው ሆይ፣ እኛ ያለነው ከወንዙ ከላይ በኩል ነው። ከታች ያለውን አትክልተኛ ከመውቀሳችን በፊት ባልዲያችንን እንይ።

አንዳንድ አባሎች፣ «ወንዙን የገደለው የፋብሪካ ፍሳሽ ነው፤ የኛ አንድ ባልዲ ምን ይጨምራል?» ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። የቆዳና የሌላም ፋብሪካ ፍሳሽ ትንሹን አቃቂን ለብዙ ዓመታት በክሎታል፤ ይህንንም የሚከለክል የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቷል። ነገር ግን አንድ ባልዲ አንድ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በዓል ሲመጣ የሁላችንም ባልዲ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚደፋው። ፋብሪካውን ለመጠየቅ አፍ የሚኖረንም የራሳችንን ደጅ ካስተካከልን በኋላ ነው።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። «አካባቢን የማይበክል» ማለት ምን ማለት ነው? ወረቀት ላይ ቅጠል መሣል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። «ከተፈጥሮ የተሠራ» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ለዚህ እንዶድን እንይ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡ የነበሩት በእንዶድ ፍሬ ነው፤ አረፋውም ከፍሬው ራሱ የሚወጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የምታዛምተዋ ቀንድ አውጣ ስለሆነች፣ ከዚህ ተነሥተው ትልቅ ምርምር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህ አገራችን የምትኮራበት ሥራ ነው። ለኛ ግን ሌላም ትምህርት አለበት፦ ቀንድ አውጣን የገደለ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰው ቢጠጣውም ይጎዳል። የአገራችን ተክል ስለሆነ ብቻ ወንዝ ውስጥ እንደ ልብ አይደፋም። እንግዲህ ጥያቄው «ተፈጥሮ ነው ወይስ ፋብሪካ?» ብቻ አይደለም። ምን ያህል? ከምን ጋር? የት ይደፋል? ማንስ ይተነፍሰዋል? ነው ጥያቄው።

በረኪናንም ቢሆን ጠላት አናድርገው። በ2008 ዓ.ም. አተት ከተማችን በገባ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሮና በመጣ ጊዜ ጠቅሞናል። የሚያስታውክ ወይም የሚያስቀምጠው በሽተኛ ባለበት ቤት ዛሬም ያስፈልጋል። ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ የሚል ከሆነ፣ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ ቦታው አስቀድሞ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ይደረጋል፤ ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉ ይደክማልና። ጤነኛ ሰው ለሚኖርበት ሳሎን ግን ሳሙና፣ ውሃና ክንድ ይበቃል። እኛ ግን ቤቱ በረኪና በረኪና ካልሸተተን የጸዳ አይመስለንም። ንጹሕ ቤት መሽተት የለበትም፤ የሸተተን ነገር ከባልዲው ተነሥቶ ወደ ሳንባችን የገባው ኬሚካል ነው።

እናቶቻችን ጋን በግራዋ ይፈትጉ፣ ድስት በአመድ ያሹ ነበር። ዛሬም ቢሆን የቧንቧ ነጭ ዝቃጭ በአቼቶ ይለቃል፤ የመጸዳጃው ብጫም በረኪና ካልነካው አቼቶ ማታ ተደፍቶበት ቢያድር፣ ጠዋት በቡሩሽ ሲፈተግ ይለቃል። መስታወት በጋዜጣና በትንሽ አቼቶ ይጠራል። ፍራሽና ምንጣፍ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሁሉም ያጸዳል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አባሎቻችን ይህችን እንድትይዙልን እንለምናለን። ብርቱ ኬሚካል የሚገዛው ጊዜ ለመቆጠብ ነው። አሲዱ በአምስት ደቂቃ የሚያነሣውን ብጫ፣ ቡሩሽ በሰዓት ነው የሚያነሣው። ያቺ ሴት ሁለቱን የቀላቀለችው ስለማታውቅ ብቻ አይደለም። በዋዜማው ሦስት ቤት ይጠብቃት ነበር፤ የሚከፈላትም በቤት እንጂ በሰዓት አልነበረም። እኛ ያልከፈልነውን ሰዓት እሷ በሳንባዋ ከፈለችው። ስለዚህ አካባቢን የማይበክል ጽዳት የሚፈልግ ሰው፣ አስቀድሞ ለሰዓት ለመክፈል ይቁረጥ። በርካሽና በፍጥነት፣ ያለ ጉዳትም ይሁን ማለት አይሆንም፤ ጉዳቱ ወደ ሌላ ሰው ዞረ እንጂ አልቀረም።

ስለሆነም የጽዳት ሠራተኛም ሆነ ድርጅት ስትመርጡ፣ በር ላይ ቆማችሁ እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁ።

አንደኛ፣ በምን ታጸዳላችሁ? ዕቃውን አሳዩን በሉ። ፈሳሹ ስሙና አጠቃቀሙ በተጻፈበት በራሱ ዕቃ ካልሆነ፣ በሃይላንድ የተቀዳ ከሆነ አታስገቡ። እናንተም ቤት ውስጥ በውሃ ጠርሙስ በረኪና አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ነገሩ።

ሁለተኛ፣ ምንና ምን ትቀላቅላላችሁ? ትክክለኛው መልስ «ምንም አንቀላቅልም» ነው። «የራሳችን ቅመም አለን» የሚል ካለ በሰላም አሰናብቱት።

ሦስተኛ፣ ጓንት፣ ቦቲና የአፍ መሸፈኛ አላችሁ ወይ? ማን ገዛው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅት ለሠራተኛው መከላከያ ማቅረብ አለበት። ከሠራተኛው ደመወዝ ጓንት የሚቆርጥ ድርጅት፣ ለወንዛችን ያዝናል ብለን አናምንም። ለግል ቤት የሚቀጠሩትን ግን አዋጁ እንደ ድርጅት ሠራተኛ አይሸፍናቸውም፤ ስለዚህ ለተመላላሻችን ጓንቱን መግዛት የኛ ፈንታ ነው።

አራተኛ፣ የባልዲውን ውሃ የት ትደፋላችሁ? የሳሙና ውሃ መጸዳጃ ቤት ይደፋል እንጂ መንገድ ዳር ቦይ አይገባም። እዚህ ላይ ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ ልብ በሉ። ታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። በረኪናና አሲድ እንደ ልብ ሲደፋባቸው ያልቃሉ፤ ያን ጊዜ መጣጭ መኪና ቶሎ ቶሎ መጥራት ይመጣል።

አምስተኛ፣ ስንት ውሃና ስንት ጨርቅ ይፈጃል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ቧንቧ ከፍቶ ግቢ የሚያጥብ ሰው አካባቢ ጠበቀ አይባልም። ታጥቦ ተመልሶ የሚሠራ ጨርቅ፣ አንድ ጊዜ ተጠርጎበት ከሚጣለው ይሻላል።

ስለሚጣል ነገር ካነሣን አይቀር፣ ባዶ የአሲድና የበረኪና ዕቃ ለውሃም ለዘይትም አይሁን። «ጣልነው» ያልነው ዕቃ ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ ይገባል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ በክፍለ ከተማችን፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ጨርሷል። ከሞቱት መካከል እኛ ከጣልነው እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩም አሉ። የቤታችን ጽዳት ሌላው ላይ ክምር ሆኖ እንዳይወድቅ ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

አደጋ ቢደርስስ? ሽታ ካፈነ ሰውየውን ወደ አየር አውጡ፤ በርና መስኮት ክፈቱ። ዓይንን ወይም ቆዳን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት እጠቡ። ከጠጣው አታስመልሱት፤ የገባውን የሚያቃጥል ነገር ሲወጣም ያቃጥላልና። ጠርሙሱን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አሁን ወደ ራሳችን ዞር እንበል። ለቅሶ በሆነ ቁጥር የማኅበሩን ድስትና ሳህን ስናጥብ፣ ያን ሁሉ ቅባትና አረፋ ድንኳኑ ሥር ካለው ቦይ የምንደፋው እኛ ነን። ዕቃ ቤታችን ውስጥም ስም የሌለው ፈሳሽ ያለበት ሁለት ጀሪካን አግኝተናል። ማን እንደገዛው፣ ምን እንደሆነም የሚያውቅ አልተገኘም። ሌላውን ከመምከራችን በፊት ይኼን ማመን ይገባናል።

ስለዚህ ለጠቅላላው ስብሰባ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በማኅበሩ አዳራሽና ዕቃ ቤት አሲድ የሚባል ነገር እንዳይገባ። ሁለተኛ፣ አዳራሹን የሚያጸዱ ሰዎች በሰዓት እንዲከፈላቸው፣ ጓንትና ቦቲም ማኅበሩ እንዲገዛላቸው። ሦስተኛ፣ ደንባችን ተሻሽሎ፣ በአባል ቤት ሲሠራ የተጎዳ ማንኛውም ሰው፣ ስሙ በመዝገብ ቢኖርም ባይኖርም፣ ለሕክምናው እንዲረዳ።

ይህ ወጪ እንዳለው አንደብቅም። ወርኀዊ መዋጮው ትንሽ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ምን ያህል የሚለውን ስብሰባው ይወስናል። «ኑሮው በተወደደበት ዘመን ደግሞ ይኼ መጣ» የሚል እንደሚኖርም እናውቃለን፤ እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ መጀመሪያም ወጪው ነበረ፤ ስትከፍለው የኖረችው ግን ሌላ ሰው ነበረች።

ያቺ ሴት አሁን ደኅና ናት። ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤታችን ደጅ አግኝተናት ስለ ጤንነቷ ብንጠይቃት፣ «ደኅና ነኝ፤ በረኪና ስሸት ግን ደረቴ ይጨንቀኛል» አለችን። ለበዓል ሥራ እንዳላት ጠየቅናት። «አራት ቤት ተይዞልኛል» አለች። ከአራቱ ቤቶች ሁለቱ የኛ አባሎች ናቸው። ይህን የምታነቡ ሁለቱ አባሎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ፦ ጓንቱን ግዙላት፣ መስኮቱን ክፈቱላት፣ ሰዓቷንም ክፈሏት።

መልካም አዲስ ዓመት።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
አስኮ